ክሬዲት እናስተካክላለን የሚለውን ማስታወቂያ ከመቀበላችሁ በፊት

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ በዴንቨርና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች በአማርኛ ለምትሠሩ የሬዲዮና የዩቲዩብ ዝግጅቶች፣ ለማኅበረሰብ ማኅበራት፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች አስተዳደር

ጉዳዩ፦ በቅድሚያ ገንዘብ እየተቀበሉ ክሬዲት እናስተካክላለን ስለሚሉ ድርጅቶች

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በቤት ብድር፣ በታክስና በክሬዲት ምክር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሥራው ሳይሠራ ገንዘብ የሚቀበል ክሬዲት አስተካካይ እናንተ ጋ ማስታወቂያ እንዳያስነግር፣ በአዳራሻችሁም ጠረጴዛ እንዳያገኝ። ምክንያታችንን እናስረዳለን። ከዚያ ደግሞ ያ ድርጅት በየወሩ እየተከፈለው የሚሠራውን ሥራ ሰው በቤቱ ሆኖ በነጻ እንዴት እንደሚሠራው እንጽፋለን። ደብዳቤው የረዘመው ለዚህ ነው።

ለእናንተ መጻፍ የመረጥነው ሰው ስለሚያምናችሁ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ብድር የሚያውቀው በመያዣ ወይም በዋስ ነው። እዚህ ሲደርስ ከ300 እስከ 850 የሚሄድ፣ ክሬዲት ስኮር የሚባል አንድ ነጥብ የሚከራየውን አፓርታማ፣ የመኪናውን ወለድ፣ በብዙ ስቴቶች የመኪና ኢንሹራንሱን ዋጋ ሳይቀር ይወስንበታል። ነጥቡ ሲወድቅበት ይደነግጥና በቋንቋው ወደሚያናግረው ይሄዳል። ከእናንተ የሰማውን ማስታወቂያ ደግሞ እናንተ የመሰከራችሁለት ያህል ይቆጥረዋል።

ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ስኮራችሁን በ30 ቀን 150 ነጥብ እናሳድጋለን፤ ኮሌክሽን፣ ሌት ፔይመንት፣ ባንክራፕሲ እናጠፋለን፤ ለመጀመሪያ 300 ዶላር፣ ከዚያ በወር 99 ዶላር ብቻ»። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሕግ ሁለት ጊዜ ተጥሷል። በ1996 የወጣው (ዓመቶቹን በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ክሬዲት ሪፔር ኦርጋናይዜሽንስ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ፣ ድርጅቱ ቃል የገባውን ሥራ ሙሉ በሙሉ ሠርቶ ሳይጨርስ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ስለዚህ «ለመጀመሪያ 300 ዶላር» የሚባል ነገር የለም። እውነተኛና ጊዜው ያላለፈበትን መረጃ አጠፋለሁ ብሎ ደንበኛን ማሳሳትም በዚያው ሕግ የተከለከለ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ጠቅላላ ዋጋውን፣ የሚሠራውን ሥራና የሚፈጀውን ጊዜ መዘርዘር አለበት፤ የደንበኛውን መብት የሚያስረዳ ወረቀትም ከውሉ ተለይቶ ይሰጠዋል። ደንበኛው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ውሉን ማፍረስ ይችላል። በስልክ ለሚሸጡት ደንቡ ከዚህም ይጠብቃል፦ ክፍያ መጠየቅ የሚችሉት ውጤቱ ከተገኘ ከ6 ወር በላይ ቆይቶ በወጣ ሪፖርት ውጤቱ አሁንም እንዳለ ሲያሳዩ ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሕግ አይደለም። በአገሪቱ ትልልቅ ከሚባሉት መካከል የነበሩት ሌክሲንግተን ሎው እና ክሬዲት ሪፔር ዶት ኮም ይህን የስልክ ሽያጭ ደንብ ጥሰው በቅድሚያ ሲያስከፍሉ እንደነበር ፍርድ ቤት በ2023 ወስኗል። በዚያው ዓመት ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደባቸው፤ በስልክ የሚሸጥ የክሬዲት ጥገና ሥራም ለ10 ዓመት ተከለከሉ። በታኅሣሥ 2024 ሲኤፍፒቢ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገንዘባቸውን ለከፈሉ 4.3 ሚሊዮን ሰዎች 1.8 ቢሊዮን ዶላር ከራሱ የተጎጂዎች ፈንድ መመለስ ጀመረ። ትልቁ እንዲህ ከሆነ፣ ቢሮው መኪናው ውስጥ የሆነና ስልክ ቁጥሩን በየወሩ የሚቀይር ትንሽ አስተካካይ የበላውን ማን ያስመልሳል?

የየስቴቱ ሕግም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። ጆርጂያ ውስጥ ከጠበቆችና ከጥቂት ሌሎች በቀር ለትርፍ መሥራቱ ራሱ በወንጀል ያስጠይቃል። የአትላንታ ጣቢያዎች ይህን ልብ በሉልን።

ከዚህ በታች ያለውን ለባለጉዳዩ በቀጥታ እንደምንናገር አድርገን ጽፈነዋል፤ እንዳለ ልታነቡለት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ክሬዲት ሪፖርታችሁን (የብድርና የክፍያ ታሪካችሁ የተመዘገበበትን) አውጡ። መዝገቡን የሚይዙት፣ ከዚህ በኋላ ክሬዲት ድርጅት የምንላቸው፣ ሦስት ናቸው፦ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን። ሕጉ የሚያውቀው የነጻ ምንጭ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ነው፤ ስልኩ 1-877-322-8228 ነው። የሦስቱንም ሪፖርት በየሳምንቱ በነጻ ማውጣት ይቻላል። ድረ ገጹ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ስጡኝ ካላችሁ የተሳሳተ ቦታ ገብታችኋል ማለት ነው፤ ውጡ። ድረ ገጹ ማንነታችሁን ለማረጋገጥ ስለ ድሮ ብድርና አድራሻ ይጠይቃል። መልሱ ካልሠራላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ቅጹን ሞልታችሁ በፖስታ ሣጥን 105281፣ አትላንታ፣ ጆርጂያ 30348 ላኩት። ሦስቱንም ማውጣት የግድ ነው፤ አንዱ ላይ ያለ ስህተት ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። በነገራችን ላይ ሪፖርቱ ውስጥ ስኮር የለም። ስኮሩ የሚሰላው ከሪፖርቱ ነውና መስተካከል ያለበት ሪፖርቱ ነው።

አትማችሁ በእስክሪብቶ አንብቡት። ስህተት ብርቅ ነገር አይደለም፤ ኤፍቲሲ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው ጥናት ከ5 ሰው አንዱ ቢያንስ አንድ ሪፖርቱ ላይ ስህተት ነበረበት። ብዙ ሰው የሚያየው ስሙንና ባላንሱን ብቻ ነው፤ እናንተ የመጀመሪያው ክፍያ የተቋረጠበትን ቀን ፈልጉ። መጥፎ መዝገብ ሪፖርት ላይ የሚቆየው 7 ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረው ዕዳው ወደ ኮሌክሽን (ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ ክፍያ ካቋረጣችሁበት ጊዜ ተነሥቶ ነው። ዕዳውን የገዛ ኮሌክሽን ድርጅት ቀኑን አዲስ አስመስሎ ካስገባው ሕግ ጥሷል፤ እናንተም ጠንካራ ክርክር አገኛችሁ። ቀጥሎ አንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ እንደሆነ እዩ። የስልክ ኩባንያው የ640 ዶላር ዕዳ ለኮሌክሽን ከተሸጠ፣ የስልክ ኩባንያው መስመር ላይ ባላንሱ 0 መሆን አለበት። ሁለቱም 640 ካሉ 1,280 ዶላር ያለባችሁ ሆናችሁ ትታያላችሁ። የሕክምና ዕዳ ካለ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች የሆነ፣ ተከፍሎ ያለቀ፣ ወይም አንድ ዓመት ያልሞላው ኮሌክሽን ሪፖርት ላይ እንዳይኖር ሦስቱ ድርጅቶች ራሳቸው በ2022 እና በ2023 ወስነዋል። የሕክምና ዕዳን በሙሉ የሚያስወጣ የፌዴራል ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ቴክሳስ ያለ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2025 ስለሻረው «የሕክምና ዕዳ ሁሉ ይጠፋል» የሚላችሁን አትመኑ።

የእኛ ሰው ሪፖርት ላይ ሌላውን ሕዝብ ብዙም የማይገጥመው ጣጣ አለ፤ እሱም የስማችን አጻጻፍ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ላስት ኔም የሚሆነው። ሄለን ተስፋዬ ገብረሚካኤል ባንክ ላይ ሄለን ተስፋዬ ናት፣ ሆስፒታል ላይ ሄለን ገብረሚካኤል፣ የስልክ ውል ላይ «ገብረ» መሐል ገብቶ ሄለን ሚካኤል። መሐመድ አንዱ ቦታ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው ቦታ በሁለት ይጻፋል። የትውልድ ቀን ከእኛ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ይሳሳታል፤ ብዙ ስደተኛ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት መሐመድ አህመድ፣ ሁለቱም ጃንዋሪ 1 የተወለዱ፣ ሲጨመሩበት የአንዱ ዕዳ ሌላው ሪፖርት ላይ ቢያርፍ ምኑ ይገርማል? ከ2011 አጋማሽ በፊት አብረው ገብተው አብረው ያመለከቱ ወንድማማቾች ሶሻላቸው በመጨረሻው አኃዝ ብቻ ሊለያይ ይችላል፤ ይህም መቀላቀሉን ያብሰዋል። ስለዚህ የሪፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ አትዝለሉት። የማታውቁት አድራሻ፣ የማታውቁት አሠሪ፣ የማታውቁት የስም አጻጻፍ ካለ መዝገባችሁ ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤያችሁ ላይ «መዝገቤ ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅሏል፤ ይለይልኝ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ የሶሻል ካርዱንና የመንጃ ፈቃዱን ቅጂ አያይዙ። ወደፊት ደግሞ አንድ አጻጻፍ ምረጡና ባንክም፣ ሥራም፣ ሆስፒታልም በዚያው ይሁን።

ስህተቱን ካገኛችሁ ዲስፒዩት ማድረግ፣ ማለትም ይታረምልኝ ብሎ ክርክር ማቅረብ ነው። በኢንተርኔትም ይቻላል፤ ቀላል ለሆነ ነገር እሱ ይበቃል። ማስረጃ ያለው ክርክር ግን በፖስታ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል ከመድረሻ ደረሰኝ ጋር ብትልኩት ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ 10 ዶላር ገደማ ያስወጣል፣ ቀኑንም የሚያረጋግጥ ወረቀት ይኖራችኋል። ለኢኩፋክስ ፖስታ ሣጥን 740256፣ አትላንታ፣ ጆርጂያ 30374፤ ለኤክስፒሪያን ፖስታ ሣጥን 4500፣ አለን፣ ቴክሳስ 75013፤ ለትራንስዩኒየን ፖስታ ሣጥን 2000፣ ቼስተር፣ ፔንሲልቬኒያ 19016።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ከላይ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሶሻል፣ አድራሻ። ቀጥሎ የአበዳሪው ስምና የአካውንቱ ቁጥር። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ፦ ምን ተብሎ ተጽፏል፣ እውነቱ ምንድን ነው፣ ምን ይደረግልኝ። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በአማርኛ ቢሆን ይህን ይመስላል፦ «ይህ አካውንት በማርች 2024 ክፍያው 30 ቀን ዘግይቷል ይላል። ክፍያው ማርች 12 ከባንኬ ወጥቷል፤ ስቴትመንቱ ተያይዟል። በወቅቱ የተከፈለ ተብሎ ይስተካከልልኝ።» ከመንጃ ፈቃድና ከመብራት ወይም ከባንክ ወረቀት ቅጂ ጋር፣ ሪፖርቱ ላይ መስመሩን አክብባችሁ ላኩ። ዋናውን ሰነድ ፈጽሞ አትላኩ።

ይህ ዓይነቱ ደብዳቤ አስተካካዩ ከሚልከው ለምን እንደሚሻል ልንገራችሁ። ክሬዲት ድርጅቱ ጋ የደረሰ ክርክር ኢኦስካር በሚባል ሥርዓት ወደ አጭር ኮድ ተቀይሮ ለአበዳሪው ይላካል። አስተካካዩ ለሁሉም ደንበኛ የሚልከው ያው «የእኔ አይደለም፣ አረጋግጡ» የሚል ደብዳቤ ነው፤ አበዳሪው ስምና ሶሻል አይቶ «ተረጋግጧል» ብሎ ይመልሳል። ከማርች 12 ስቴትመንት ጋር የመጣውን ግን ስምና ሶሻል በማየት ብቻ መመለስ ያዳግተዋል። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ክርክራችሁን በቀጥታ ለአበዳሪው ከላካችሁ እሱም መመርመር ግዴታው ነው። የፌዴራሉ ደንብ ግን አበዳሪው ደብዳቤው ከክሬዲት አስተካካይ የመጣ ነው ወይም እሱ ባዘጋጀው ቅጽ የተጻፈ ነው ብሎ በቂ ምክንያት ካገኘ፣ ያለ ምርመራ ሊተወው ይፈቅድለታል። በራሳችሁ እጅ በነጻ የጻፋችሁት ደብዳቤ ያለው ኃይል፣ ከፍላችሁ ያስጻፋችሁት የለውም ማለት ነው። «609 ሌተር» እያሉ በ50 ዶላር የሚሸጡትንም አትግዙ። አንቀጽ 609 መዝገባችሁ ውስጥ ያለውን የማየት መብት የሚሰጥ እንጂ ዕዳ የሚያስጠፋ አይደለም።

ክሬዲት ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ይጨርሳል፤ ክርክሩ የቀረበው ዓመታዊውን የነጻ ሪፖርት ተከትሎ ከሆነ ወይም በመሐል ተጨማሪ ሰነድ ከላካችሁ 45 ቀን ሊሆን ይችላል። ከጨረሰ በኋላ በ5 የሥራ ቀን ውጤቱን ይልካል። አበዳሪው በጊዜው ካልመለሰ መዝገቡ ይወጣል። አስተካካዮች «አጠፋንላችሁ» እያሉ የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አበዳሪው በኋላ እውነት መሆኑን ሲያረጋግጥ መዝገቡ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ አስተካካዩ ገንዘቡን ወስዶ ሄዷል። «ተረጋግጧል» የሚል መልስ ከመጣባችሁ እንዴት እንዳረጋገጡት በጽሑፍ ጠይቁ፤ በ15 ቀን መመለስ አለባቸው። ከዚያ ለአበዳሪው በቀጥታ ጻፉ፤ ለሲኤፍፒቢም አቤቱታ አስገቡ። ያንኑ ደብዳቤ ያለ አዲስ ማስረጃ ደጋግሞ መላክ ግን «ፍሬ ቢስ» ተብሎ እንዲጣል መብት ይሰጣቸዋል።

ቤት ልትገዙ ለተዘጋጃችሁ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። ዲስፒዩት የተደረገ አካውንት ላይ «በክርክር ላይ» የሚል ምልክት ይቀመጣል። በኤፍኤችኤ ብድር (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው የቤት ብድር) በክርክር ላይ ያሉ መጥፎ አካውንቶች፣ ከሕክምና ውጭ፣ ባላንሳቸው ተደምሮ 1,000 ዶላር ከደረሰ ፋይላችሁ ከኮምፒውተር ወጥቶ በእጅ ወደሚመረመረው ይወርዳል። አስተካካዩ 14 አካውንት ላይ በአንድ ቀን ክርክር ከፍቶ ምልክቱ ሳይነሣ ብድሩ የሚቆምበት ሰው አለ። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ለሞርጌጅ ሰዎቻችሁ ንገሩ። እውነተኛ ስህተት ከታረመ ወይም ባላንስ ከተከፈለ አበዳሪው ራሱ ራፒድ ሪስኮር (ነጥቡን በፍጥነት እንደገና ማሰላት) አሠርቶ በጥቂት ቀናት አዲሱን ነጥብ ሊያገኝላችሁ ይችላል፤ ይህን ከውጭ የሚሸጥ አስተካካይ አያደርገውም።

አሁን እውነት ስለሆነው መጥፎ መዝገብ። በእውነት የዘገየ ክፍያ 7 ዓመት ይቆያል፤ ቻፕተር 7 ባንክራፕሲ (በፍርድ ቤት የሚታወጅ ኪሳራ) 10 ዓመት። ማንም በገንዘብ አያስወጣውም። ለዓመታት በወቅቱ ስትከፍሉ ቆይታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ከዘገያችሁ ግን ለአበዳሪው የይቅርታ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ግዴታ የለበትም፤ ምክንያቱ ግልጽ ሲሆን (ሆስፒታል መተኛት፣ አድራሻ መቀየር) እሺ የሚል አይጠፋም። ደግሞም መዝገቡ እያለም ነጥቡ ያድጋል። ብዙ አበዳሪዎች በሚጠቀሙበት የፋይኮ ነጥብ ስሌት 35 በመቶው የክፍያ ታሪክ ነው፤ 30 በመቶው ደግሞ ስንት ዕዳ አለባችሁ የሚለው ነው። ይህ ሁለተኛው በአንድ ወር ሊለወጥ የሚችል ነው፤ አስተካካዮች ስለሱ ብዙ የማያወሩት እናንተው ክፍያ በመክፈል ብቻ የምታደርጉት ስለሆነ ይመስለናል።

ሊሚቱ (የተፈቀደው ጣሪያ) 1,500 ዶላር የሆነ ካርድ ላይ 1,350 ዶላር ካለባችሁ 90 በመቶ ተጠቅማችኋል። ወደ 450 ካወረዳችሁት 30 በመቶ፣ ወደ 150 ካወረዳችሁት 10 በመቶ ይሆናል፤ ከ10 በታች በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። ካርዱ ሁለት ቀን አለው፦ ስቴትመንት (የወሩ ሒሳብ) የሚዘጋበትና የመክፈያው ጊዜ የሚያልቅበት። ባንኩ ብዙውን ጊዜ ሪፖርት የሚያደርገው ስቴትመንት ሲዘጋ ያለውን ባላንስ ነው። የመክፈያው ጊዜ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ሙሉውን ብትከፍሉ እንኳ ሪፖርቱ ላይ 90 በመቶ ተጽፎ ይቆያል። ስለዚህ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ 3 ቀን ቀድማችሁ ክፈሉ። ከፍላችሁ የጨረሳችሁትን የድሮ ካርድ አትዝጉ፤ ሲዘጋ ሊሚቱም አብሮ ይጠፋል። ሌላው፣ ክፍያ የዘገየ ተብሎ ሪፖርት የሚደረገው 30 ቀን ሲሞላው ነው። 12 ቀን ብትዘገዩ መቀጫ ትከፍላላችሁ፣ ክሬዲታችሁ ግን አይነካም፤ ስለዚህ «አንዴ አልፏል» ብላችሁ አትተዉት።

ኮሌክሽን ከሆነ ስልኩን አንሥታችሁ ካርድ ቁጥር አትስጡ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳውን አረጋግጡልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እስኪያረጋግጡ መሰብሰብ ማቆም አለባቸው። ለክስ ያለው ጊዜ በየስቴቱ ይለያያል፤ በሜሪላንድ ለተራ ውል 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ በጽሑፍ ለተደረገ ውል 5 ዓመት ነው። በብዙ ስቴት ትንሽ ክፍያ መክፈል ይህን የክስ ጊዜ እንደገና ያስጀምረዋል፤ ስለዚህ «50 ዶላር ብቻ ክፈል» ሲሏችሁ መጀመሪያ ዕድሜውን አጣሩ። የምትከፍሉ ከሆነ «ስትከፍሉ ከሪፖርት እናወጣዋለን» የሚለውን በጽሑፍ ሳትይዙ አትክፈሉ። የክስ መጥሪያ ከመጣ ደግሞ ዕዳው የቱንም ያህል ያረጀ ቢሆን ፍርድ ቤት ቅረቡ፤ ካልቀረባችሁ ይፈረድባችኋል፣ ከደሞዛችሁም ሊቆረጥ ይችላል።

መዝገቡ ባዶ ለሆነ ወይም እንደገና ለሚጀምር ሰው 300 ዶላር መያዣ (ዲፖዚት) አስይዞ የሚወጣ ሴኪዩርድ ካርድ ይበቃል፦ በወር የ20 ዶላር ቤንዚን ቀድታችሁበት ሙሉውን ክፈሉ። በዕቁብ የምናሳየው ታማኝነት ክሬዲት ድርጅቶች ጋ አለመድረሱ ያሳዝነናል። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሚሽን አሴት ፈንድ ዕቁብን በመሰለ አሠራር እያሰባሰበ ክፍያውን ለክሬዲት ድርጅቶች ያስመዘግባል፤ ማኅበራት ይህን አሠራር ብታጠኑት መልካም ነው።

ፈጽሞ የማይነኩ ነገሮች አሉ። «ሲፒኤን» የሚባል ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር በሶሻል ፈንታ ተጠቀሙ የሚል ካለ ሽሹ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሕፃን ልጅ የተሰረቀ ሶሻል ነው፤ በእሱ ብድር መጠየቅ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። በእውነት ያወጣችሁትን ዕዳ «ማንነቴ ተሰርቆ ነው» ብላችሁ እንድትፈርሙ የሚያደርግም ተመሳሳይ ወጥመድ ነው። ፊርማው የእናንተ ነው፤ የምትጠየቁትም እናንተ ናችሁ። በእውነት ከተሰረቃችሁ ግን አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጋቭ ላይ ሪፖርት አድርጉ፤ ክሬዲት ድርጅቱ አስፈላጊው ሰነድ በደረሰው በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ያን መዝገብ ማገድ አለበት።

ሰው መቅጠር የሚያስፈልግበት ጊዜስ የለም? አለ። መዝገባችሁ ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅሎ ሁለት ጊዜ ጽፋችሁ ካልታረመ፣ ወይም የወጣው መዝገብ ሳይነግሯችሁ ከተመለሰ፣ አስተካካይ ሳይሆን የሸማቾች ጠበቃ ፈልጉ። ስታሸንፉ የጠበቃውን ወጪ ጥፋተኛው ወገን እንዲከፍል ሕጉ ስለሚያዝ ብዙዎቹ ከእናንተ በቅድሚያ አያስከፍሉም። ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ከ100 እስከ 1,000 ዶላር ካሣም አለ። ችግሩ ስህተት ሳይሆን የዕዳ ብዛት ከሆነ ደግሞ ለትርፍ ወደማይሠሩት የኤንኤፍሲሲ (የክሬዲት ምክር ብሔራዊ ድርጅት) አባል አማካሪዎች ሂዱ።

እንግዲህ ወደ እናንተ እንመለስ። የሬዲዮና የዩቲዩብ አዘጋጆች፣ ክሬዲት አስተካካይ ማስታወቂያ ይዞ ሲመጣ ደንበኛ የሚፈርምበትን ውል ቅጂና ሥራው ፈቃድ በሚጠየቅበት ስቴት ፈቃዱን ጠይቁት። ውሉ ላይ የመመዝገቢያ፣ የመክፈቻ፣ የፋይል ማንበቢያ እያለ በቅድሚያ የሚያስከፍል መስመር ካለ አትቀበሉት። ስሙ ሲለዋወጥ ገንዘቡ ያው ነው። አሁን እያስተላለፋችሁት ያለ ካለም አቁሙት፤ ለአድማጮቻችሁም ለምን እንዳቆማችሁ ንገሯቸው፣ ከፍለው ያሉ ሰዎች መብታቸውን እንዲያውቁ።

ማኅበራትና የእምነት ቤቶች፣ በወር አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ለ4 ሰዓት ያህል አዳራሽ ስጡ። የሚያስፈልገው ሁለት ላፕቶፕ፣ ኮፒ የሚያደርግ ፕሪንተር፣ ፖስታና እንግሊዝኛ የሚጽፉ 5 ወጣቶች ናቸው። ለአንድ ሰው 45 ደቂቃ ያዙ፦ 15ቱ ሪፖርት ለማውጣት፣ 20ው ለማንበብ፣ 10ሩ አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ። ሶሻሉን ባለቤቱ ራሱ ይተይብ፤ ማንም ፎቶ አያንሣ፣ ወረቀት ቢሮ አይደር፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይቀመጥ። ሰው ዕዳውን ጎረቤቱ እንዳያውቅበት ጠረጴዛዎቹን አራርቁ፤ ሐፍረቱ ነው ብዙዎቹን ወደ አስተካካዩ የሚነዳቸው። የተላከበትን ቀን ጽፋችሁ ለባለጉዳዩ ስጡትና በ45ኛው ቀን መልሱን ይዞ እንዲመለስ ቅጠሩት።

ይህን ደብዳቤ ማንበብ፣ ማባዛትና በየጋዜጣችሁ ማተም ትችላላችሁ፤ ክፍያም ፈቃድም አንጠይቅም። አዳራሽ ለምትከፍቱ ወጣቶቹን ሁለት ሰዓት ለማሠልጠን ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በቤት ብድር፣ በታክስና በክሬዲት ምክር ሥራ ላይ ያለን ወገኖቻችሁ